ባህልና ጤና በይፋት ቆላ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ መንገድ የሚጓዝ ሰው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ቁልቁለቱን ከተያያዘ በኋላ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ የቆመበት ምድር ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ያገኘዋል። በዚያች አጭር ጉዞ ውስጥ ብርዱ በሙቀት፣ ገብሱ በማሽላ፣ ጋቢው በሽርጥ ይተካል። የሚለወጠው ግን የአየሩ ጠባይና የአዝመራው ዓይነት ብቻ አይደለም። ሰው የሚታመመው በሽታ፣ ስለ በሽታው የሚያስበው ሐሳብ፣ በታመመ ጊዜ የሚሄድበት ደጃፍ፣ ሲያገግም የሚበላው ምግብ ሁሉ አብሮ ይለወጣል።

የጤና ጉዳይ የሐኪሞች እንጂ የመሐንዲሶች አይደለም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በቆላ ምድር ውሃ የሚጠልፈው፣ ቦይ የሚቀድደው፣ ለመንገድ ሥራ አፈር የሚዝቀው፣ የጤና ጣቢያውን ንድፍ የሚነድፈው መሐንዲሱ ነው። የወባ ትንኝ የምትራባውም እርሱ ባጠራቀመው ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ የይፋት ሰው ስለ ጤናና ስለ በሽታ ምን እንደሚያስብና እንዴት እንደሚኖር ማወቅ ለመሐንዲሱ የአፈሩን ጠባይ ከማወቅ የማይተናነስ የሙያ ግዴታ ነው።

የቦታውና የሕዝቡ ጠባይ

ይፋት በታሪክ የታወቀ ስም ነው። የወላስማ ሥርወ መንግሥት በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የመሠረተው የይፋት ሱልጣኔት ደጋውን ከባሕር ጠረፍ በሚያገናኘው የንግድ መሥመር ላይ የተቀመጠ ነበር። የአስባሪ፣ የማሳልና የኖራ ፍርስራሾች ዛሬም የዚያን ዘመን የድንጋይ አሠራር ይመሰክራሉ። ከሮቢ፣ ከጀውሃ፣ ከአታዬና ከቦርከና ወንዞች ዳርና ዳር አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ተጎራብተው ይኖራሉ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ ይገበያያል፤ በአንድ ወንዝ ያጠጣል። እሑድ በሰንበቴ፣ ሰኞ በባቲ የሚቆመው ገበያ ደገኛውን ከቆለኛው፣ አራሹን ከአርብቶ አደሩ ሲያገናኝ ኖሯል።

በዚህ ምድር የሰፈራ ልማድ ራሱ የጤና ትምህርት ነው። አያሌ የአርጎባ መንደሮች የተሠሩት በሜዳው ሳይሆን በአፋፍና በተራራ ጫፍ ላይ ነው። በደዋ ጨፋ የሚገኘው ሾንኬና በሸዋ ሮቢት አካባቢ ያለው ጎዜ ለዚህ ምስክር ናቸው። ለዚህ አሰፋፈር ከጠላት መጠበቅና የንግዱን መንገድ ማየት ምክንያት እንደሆኑ አያጠራጥርም። ዳሩ ግን ቀን በቆላው እርሻ ውሎ ማታ ወደ አፋፉ የሚመለስ ሰው፣ የወባ ትንኝ በምትነድፍበት ሰዓት ትንኟ በብዛት ከማትገኝበት ከፍታ ላይ እንደሚያድር ልብ ማለት ይገባል። ሮናልድ ሮስ የወባን ተውሳክ በትንኝ ሆድ ውስጥ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። በአፋፍ ላይ ማደር ግን ከዚያ አስቀድሞ የኖረ ጥበብ ነው።

ደገኛው ቆላውን ይፈራል፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 የወባ ወረርሽኝ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው የአገራችን ቦታዎች ላይ በተነሣ ጊዜ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው እንደታመመና ወደ 150,000 ሰው እንደሞተ ተገምቷል። የሞተው በአብዛኛው ወባን ያልለመደው ሕዝብ ነበር። ዛሬም ከደጋ ለማሽላና ለማሾ አጨዳ፣ ለሽንኩርት ለቀማ ወደ ቀወት ሜዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ተመሳሳይ አደጋ ላይ ነው። ሰውነቱ በሽታውን አልለመደም፤ የሚያድረውም በሜዳ ወይም አጎበር በሌለበት ዳስ ውስጥ ነው።

ንዳድ በሕዝብ አስተሳሰብ

የቆላው ሰው ወባን ንዳድ ይለዋል። ምንጩ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ አንዱ መጥፎ አየር ነው ይላል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ሲመታው የሚነሣው ሽታ ነው ይላል፤ ሦስተኛው የበቆሎ እሸት ወይም አገዳ መብላት ነው ይላል። የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለት ይቀናዋል። ግን ማላሪያ የሚለው የጣሊያንኛ ቃል ራሱ መጥፎ አየር ማለት ነው፤ የአውሮፓም ሊቃውንት ለረጅም ዘመን ያመኑት ይህንኑ ነበር።

ስለ በቆሎው የሚነገረው ደግሞ ከፈገግታ የሚበልጥ ትኩረት ይገባዋል። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት በጎጃም በቡሬ አካባቢ የተደረጉ ጥናቶች አንድ አስገራሚ ነገር ገለጡ። በቆሎ አበባ ሲያወጣ የሚበነው የአበባ ዱቄት በአጠገቡ ባለ ረግረግ ላይ ሲያርፍ ለትንኟ ዕጭ ምግብ ይሆናል። ዱቄቱን የበላው ዕጭ ፈጥኖ ያድጋል፤ በብዛትም ወደ ትንኝነት ይደርሳል። በበቆሎ እርሻ በተከበቡ መንደሮች ወባ እንደሚበረታም ታየ። እንግዲህ ገበሬው መንገዱን ቢስትም ግንኙነቱን አልሳተም። ንዳዱ የሚመጣው እሸቱን በመብላት አይደለም፤ እሸቱ በደረሰበት ወራት ከቤቱ አጠገብ በቆመው ውሃ አማካይነት ነው። ይህ ነገር በተለይ ለመሐንዲሱ ትልቅ ትርጉም አለው። የመስኖ ቦይ በበቆሎ ማሳና በመንደር መካከል እንዲያልፍ የሚነድፍ ሰው፣ ውሃውንም ምግቡንም ለትንኟ አቀረበላት ማለት ነው።

ንዳድ አንድ ጊዜ ከገባ በሰውነት ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፣ ወራት ቆይቶም ይነሣል የሚለው የቆለኛው አባባልም እንዲሁ መሠረት አለው። በአገራችን ከሚገኙት ሁለት ዋና የወባ ተውሳኮች አንዱ የሆነው ቫይቫክስ በጉበት ውስጥ አንቀላፍቶ ከቆየ በኋላ እንደገና ይነሣል። ለዚህ ተብሎ የሚሰጠው ፕሪማኩዊን የተባለው መድኃኒት በተለመደው አሰጣጥ 14 ቀን ይወሰዳል። ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን የለቀቀው ሰው የቀረውን መድኃኒት እስከ ዐሥራ አራተኛው ቀን ለምን እንደሚውጥ ካልተነገረው ያቆመዋል። የጤና ሠራተኛው ንዳድ ተደብቆ ይኖራል የሚለውን የሕመምተኛውን የራሱን ቃል ተውሶ፣ ይህ መድኃኒት የተደበቀውን ነው የሚያወጣው ቢለው ግን ይገባዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ተረት በዚህ ሥፍራ ሁለተኛ ትርጉም ያገኛል።

የግድግዳው ልስንና የጾሙ ወራት

የወባ ማጥፊያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1959 ተቋቁሞ በየቤቱ ዲ.ዲ.ቲ. ይረጭ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ አንድ ችግር ሲመላለስ ቆይቷል። መርጫው የሚረጨው ዋናው የወባ ወቅት ከመግባቱ በፊት በክረምት ነው። ዘመን መለወጫና መስቀል ሲቃረቡ ደግሞ ባለትዳሯ ቤቷን በጭቃና በእበት አሳምራ ትለስናለች። ዒድ ወይም ሠርግ በዚያ ወራት ሲውል የሙስሊሙም ቤት እንዲሁ ይለሰናል። ልስኑ የተረጨውን መድኃኒት ይሸፍነዋል፤ ወባ በምትበረታበት በመስከረምና በጥቅምት ግድግዳው ለትንኟ ምንም ጉዳት የሌለው ማረፊያ ይሆናል። ሴትየዋ ጥፋተኛ አይደለችም፤ እንግዳ የምትቀበልበትን ቤት ማሳመር ክብሯ ነው። ጥፋቱ የበዓላቱን አቈጣጠር ሳያይ የርጭቱን መርሐ ግብር ያወጣው ሰው ነው። ርጭቱ ከልስኑ በኋላ እንዲሆን፣ ወይም ቤተሰቡ አስቀድሞ እንዲለስን በጊዜው ቢነገር ሁለቱም ይጠበቃሉ።

ከመድኃኒት አወሳሰድም ጋር ባህልና እምነት ይገናኛሉ። ከ1996 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለከባዱ የወባ ዓይነት የሚሰጠው ሕዝቡ ኮአርተም የሚለው መድኃኒት ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ይበልጥ በሰውነት ውስጥ ይሰራጫል። ስለዚህ ከወተት ጋር ውሰዱ ተብሎ ይመከራል። ነገር ግን ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም፣ በነቢያት ጾም ክርስቲያኑ ወተት አይቀምስም። በረመዳንም ሙስሊሙ ከንጋት እስከ ፀሐይ መግቢያ እህል ውሃ አይቀምስም። የነቢያት ጾም የሚውለው ደግሞ ወባ ገና ባልቀነሰበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳላቸው የታወቀ ነው፤ ሆኖም ፈቃዱን ከነጭ ለባሹ ይልቅ ከቄሱና ከሼኩ አፍ መስማት የሚሻ ሰው ብዙ ነው። መጾሙን የማይተው ክርስቲያንም ቢሆን በዘይት የተሠራ ሽሮ ወይም የሰሊጥና የኑግ ምግብ ቅባቱን ሊያገኝለት ይችላል። ወተት ብቻ ብሎ ከመደምደም ይልቅ በቤቱ ያለውን የጾም ምግብ መጠየቅ ሕመምተኛውን ከሐኪሙም ከእምነቱም ጋር ያስማማል።

የተረፈን መድኃኒት ለጎረቤት ማካፈልም እንዲሁ ነው። በሕክምናው ዓይን ጥፋት ነው፤ ግማሽ መድኃኒት የወሰደው ሰውም የተሰጠውም አይድኑም። በመንደሩ ዓይን ግን ጎረቤት እያቃጠለው መድኃኒት መደበቅ ነውር ነው። ይህን ልማድ በቁጣ ለማስቀረት መሞከር ደግነትን እንደ መውቀስ ይቈጠራል። ከዚህ የሚሻለው ለጎረቤት የሚሆን መድኃኒት በቅርብ የሚገኝበትን መንገድ መክፈት ነው።

እናቶችና የጤና ቤቱ ንድፍ

ባህል ለጤና እንቅፋት ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው በትግራይ በተምቤን የተደረገውን ያስታውስ። በዚያ እናቶች ከየመንደራቸው ተመርጠው ጎረቤቶቻቸውን ስለ ወባ እንዲያስተምሩና ለታመሙ ሕፃናት ወዲያውኑ መድኃኒት እንዲሰጡ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው ውጤት የአምስት ዓመት ዕድሜ ያልሞላቸው ሕፃናት ሞት በ40 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። ያን ያመጣው አዲስ መድኃኒት አልነበረም፤ እናት ከእናት የምትማርበት የቆየ ልማድ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞችን መመደቡ ከዚህ አስተሳሰብ ጋር የሚስማማ ነው። ቡና ከሚፈላበት ቤት ገብታ የምትቀመጥ ሴት፣ ባል ከደጅ ቆሞ የማይነግረውን ነገር ትሰማለች።

በወሊድም ነገር እንዲሁ ነው። የቆላዋ እናት ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ ያመነታችበት ምክንያት ብዙ ጊዜ መንገዱ ብቻ አልነበረም። በማታውቀው ቤት፣ ዘመዶቿ ከደጅ ቀርተው፣ ገንፎ ሳይገነፋላት፣ ቡና ሳይፈላላት መውለድ ባዶ ቤት እንደ መውለድ ይሆንባታል። በኋላ በአያሌ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ሲከፈት፣ ገንፎ የሚገነፋበትና ቡና የሚፈላበት ሥፍራ ሲዘጋጅ ይህ ማመንታት ቀነሰ። እዚህ ላይ የመሐንዲሱ ድርሻ ግልጽ ነው። ምድጃ የሚቀመጥበት ጭስ የሚወጣበት ክፍል፣ ለአስታማሚ ጥላና መቀመጫ፣ ለሴቶች ከዓይን የተከለለ መግቢያ በንድፉ ላይ ካልተሣሉ፣ በኋላ በቆርቆሮ የሚቀጠሉ ደባሎች ይሆናሉ። የቃሬዛ መግቢያ ያልታሰበለት በርም እንዲሁ ነው።

በሰላማዊው ውቅያኖስ ደሴቶች ተወላጆች ዘንድ የታሰበ አንድ አስተማሪ ምሳሌ አለ። በኒው ዚላንድ የኖሩት የሳሞአ ተወላጅ ፉይማኦኖ ካርል ፑሎቱ ኤንደማን የሕዝባቸውን ጤና በአንድ ባህላዊ ቤት መስለው ፎኖፋሌ ብለው ሰየሙት። የቤቱ መሠረት ቤተሰብ ነው፤ ጣራው ባህል ነው፤ መሠረቱንና ጣራውን የሚያገናኙት ምሰሶዎች ሥጋ፣ መንፈስ፣ አእምሮና ሌሎች እንደ ዕድሜና የኑሮ ደረጃ ያሉ ጉዳዮች ናቸው። ሕክምና የሥጋን ምሰሶ ብቻ ይዞ ቢቆም ቤቱ አይቆምም ማለት ነው። ይህ ለይፋት እንግዳ አስተሳሰብ አይደለም። ሕመምተኛውን ወደ ጸበል ወይም ወደ ዱዓ የሚወስደው ዘመድ የመንፈሱን ምሰሶ ሲደግፍ ነው። አስፈላጊው ነገር በዚያው ቀን ደሙም እንዲመረመር ማድረግ ነው፤ ከባዱ ወባ ሕፃን ልጅን በጥቂት ቀናት ሊገድል ስለሚችል ጸበሉ ወይም ዱዓው እስኪያልቅ መጠበቅ አይቻልም። ጸበሉን የሚያጠምቀው ካህንና ዱዓውን የሚያደርገው ሼክ ይህን ቢናገሩ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጥ ይሰማል።

ውሃው፣ ቦዩና ዕረፍቱ

አሁን ነገሩ ወደ ምህንድስናው ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ በትግራይ በተደረገ ጥናት፣ በትንንሽ ግድቦች አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት ከግድብ ርቀው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ በወባ እንደታመሙ ተረጋገጠ። ግድቦቹ የተሠሩት ርሃብን ለማስወገድ ነበር፤ ዓላማቸውም መልካም ነበር። ነገር ግን መልካም ዓላማ ትንኝ አይከላከልም። የቀወት ገበሬ ሽንኩርትና ቲማቲም ዘርቶ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚያመርተው በመስኖ ነው፤ መስኖውን መተው አይቻልም፤ አይገባምም። የሚገባው መስኖው በሽታ እንዳይሆን ማድረግ ነው።

በቆላ ሙቀት የወባ ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር ከአንድ ሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ገደማ ይበቃታል። ስለዚህ ቦዩና አካባቢው በየሳምንቱ በጊዜው ከተዘጋና ከደረቀ ዕጩ ሳይደርስ ይሞታል። እዚህ ላይ ባህሉ ለመሐንዲሱ ያልታሰበ ዕድል ይሰጠዋል። ክርስቲያኑ እሑድ ያርፋል፤ ሙስሊሙ ዓርብ ለጁምዓ ሥራውን ያቆማል። በአማራው አገር ውሃ የሚያካፍል የውሃ አባት የሚባል የታወቀ ሰው አለ። የቦዩ መዘጊያ ቀን ከቢሮ ወጥቶ በወረቀት ከሚታዘዝ፣ የውሃ አባቱ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ቄሱና ሼኩ ተቀምጠው በዕረፍታቸው ቀን ላይ ቢወስኑት የሚጠበቅ ሕግ ይሆናል። መሐንዲሱ ደግሞ በበኩሉ ውሃው ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ የሚፈስበትን ተዳፋት፣ ከመዝጊያው በታች ኩሬ የማያስቀር አሠራር፣ ከመንደሩ የራቀ መሥመር ሊሰጥ ይገባዋል። ቀኑ ቢወሰን ተዳፋቱ ግን ከሌለ ድካሙ ከንቱ ነው።

በመንገድ ሥራም እንዲሁ ነው። አፈር የተዛቀባቸው ጉድጓዶች ሥራው ሲያልቅ ካልተደፈኑ ክረምት ሲገባ የትንኝ ቤት ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር የታየችውና በኋላም በባቲ፣ በድሬዳዋና በሌሎች ከተሞች የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች አዲስ የትንኝ ዓይነት ደግሞ ችግሩን ወደ ከተማ አምጥታዋለች። እርስዋ የምትራባው በበርሚል፣ በውሃ ታንከርና በግንባታ ሥፍራ በሚጠራቀም ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነው። ባቲ ከይፋት የራቀች አይደለችም። እንግዲህ ክዳን የሌለው የግንባታ በርሚል ከዚህ በኋላ የሥራ ቦታ ቸልተኝነት ብቻ ተብሎ ሊታለፍ አይችልም።

የነገሩን አጣዳፊነት ቍጥሩ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ቀን ድረስ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞችና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም የጤና ድርጅት ገልጿል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ እንደታየውም፣ ከቀዬው የሚሸሽ ሰው አጎበሩን ተሸክሞ አይሸሽም። ሰላም በጠፋበት ዘመን በሽታን የሚከላከለው የመንግሥት መርሐ ግብር ይቋረጣል፤ የሚቀረው ሕዝቡ በእጁ ያለው ልማድ ነው። ልማዱ ጤናን የሚጠብቅ ሆኖ ከተገኘ ሕዝቡን ያተርፈዋል።

ከሙያው የሚጠበቀው

ከዚህ ሁሉ ለማኅበሩ አባላት ሦስት ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛው፣ በቆላ ምድር የሚነደፍ የውሃና የመንገድ ሥራ ሁሉ በንድፉ ደረጃ ስለ ወባ እንዲጠየቅ ነው፤ ውሃው የት ይቆማል፣ ስንት ቀን ይቆማል፣ ከመንደሩ ምን ያህል ይርቃል የሚሉት ጥያቄዎች እንደ አፈር ምርመራው ሁሉ መልስ ያስፈልጋቸዋል። ሁለተኛው፣ የአካባቢው ሰው ከንድፉ በፊት እንጂ ከንድፉ በኋላ እንዳይጠየቅ ነው። ከሥራው በኋላ የሚጠየቅ ሰው ቅሬታ ብቻ ያቀርባል፤ አስቀድሞ የሚጠየቅ ሰው ግን ወንዙ በየትኛው ክረምት የት እንደወጣ፣ ንዳዱም በየትኛው ሰፈር እንደሚበረታ ይናገራል። ሦስተኛው፣ ወሬ የሚሄድበትን መንገድ ማክበር ነው። አፋሩ ሁለት ሰው በመንገድ ሲገናኝ ቆሞ ዜና የሚለዋወጥበት ዳጉ የሚባል ሥርዓት አለው። በየትኛው መንደር ትኩሳት እንደተነሣ በዳጉ በኩል ከማንኛውም ሪፖርት ቀድሞ ሊሰማ ይችላል። እድሩም፣ ደቦውም፣ ገበያውም እንዲሁ ናቸው። ረግረግ ለማፋሰስ የደቦ ጉልበት ከማንኛውም የጨረታ ውል ይልቅ ለዓመታት ይቀጥላል፤ የሚሠራው ሰው የራሱን ልጅ ለማዳን የሚሠራ ነውና።

በአፋፍ ላይ መንደሩን የሠራው የጥንቱ አርጎባ ቦታውን የመረጠው ሕይወቱን ለማትረፍ ነበር። ከዚያ አፋፍ በታች ዛሬ ቦይ የሚቀድደው መሐንዲስ የሚመርጠው ተዳፋትና መሥመርም በሜዳው የሚያድሩትን ሕፃናት የሚመለከት ነው። ሥራው ሲያልቅ የሚመዘነው ባለማው የሄክታር ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ በመስከረምና በጥቅምት በየቤቱ በተኛው ሕመምተኛ ቍጥርም ሊሆን ይገባዋል።